ከኮምፕረሰር የሚመጣ ውሃን ማስቀረት፦ የማጣሪያና የቼክ ቫልቭ አገጣጠም ለጋራዥና ለጎሚስታ

ክረምት በገባ ቁጥር የሚደወልልኝ ለአንድ ጥያቄ ነው። «ማጣሪያ ገዝቼ ገጥሜያለሁ፤ አሁንም ከአየር ማስተላለፊያው ጎማ ጫፍ ውሃ ይተፋል። ምን ላድርግ?» ጠያቂው አንድ ቀን የደሴ ቀለም ቀቢ ነው፤ ሌላ ቀን ኮምቦልቻ ላይ የከባድ መኪና ጎማ የሚሞላ ጎሚስታ። በስልክ ሳስረዳ ግማሹ ስለሚረሳ እዚህ ደረጃ በደረጃ ጻፍኩት። አብሽሩ፤ ብዙ ጊዜ ማጣሪያው አልተበላሸም፤ ያለቦታው ነው የተገጠመው።

እኔም ይህንን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ደሴ ላይ በሐምሌ የአንድ አይሱዙ ጋቢና ቀባሁ። ርክክብ ሲደረግ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በሩ ላይ ጥቃቅን ፊኛ አወጣ፤ አንዱን በጥፍሬ ብጫነው ውሃ ነው። በሩን እስከ ላሜራው ፍቄ እንደገና ሠራሁት። ያን ጊዜ ማጣሪያዬ አዲስ ነበር፤ ግን ከታንኩ አፍ ላይ ነበር የገጠምኩት።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ከምንተነፍሰው አየር ነው። አየር ምን ያህል እንፋሎት እንደሚሸከም የሚወስነው ሙቀቱ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ 17 ግራም ገደማ፣ በ40 ዲግሪ ደግሞ 51 ግራም ገደማ ይይዛል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች አየሯ የሳሳ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 8 ባር እንዲያሳይ ኮምፕረሰሩ 12 ሜትር ኩብ የሚጠጋ አየር ስቦ አንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያጭቀዋል። ከጦሳ ተራራ ላይ ጭጋጉ በወረደበት የሐምሌ ጠዋት እያንዳንዱ ሜትር ኩብ 11 ግራም እንፋሎት ቢይዝ፣ ተጨምቆ ሲገናኝ 130 ግራም ይሆናል። ታንኩ ሲቀዘቅዝ ሊይዝ የሚችለው ግን 17 ብቻ ነው፤ የተረፈው ውሃ ሆኖ ይወርዳል። በ200 ሊትር ታንክ ስናሰላው፣ ከባዶ አንድ ጊዜ በሞላ ቁጥር ከ20 ግራም በላይ ውሃ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ከሞላ አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ ማለት ነው።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ያለ ሰው ችግሩ ከእኔ ይቀላል ብሎ እንዳያስብ። እዚያ ይሞቃል፤ ሙቅ አየር ደግሞ የሚሸከመው እንፋሎት ይበልጣል። ከሚሴና ባቲ ላይም እንደዚያው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ተራው የውሃ ማጣሪያ፣ ያ ከታች ብርጭቆ ያለው፣ የሚይዘው ጠብታ የሆነ ውሃን ብቻ ነው፤ እንፋሎት በላዩ ያልፋል። ከፓምፑ የሚወጣው አየር ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ታንኩ ውስጥም ሙቀቱ ቶሎ አይለቀውም። በ40 ዲግሪ በማጣሪያው ያለፈ አንድ ሜትር ኩብ የታመቀ አየር፣ በማስተላለፊያው ጎማ ውስጥ ሄዶ 20 ዲግሪ ሲደርስ ከ30 ግራም በላይ ውሃ ይጥላል። ያ ውሃ የሚወጣው ቀለማችሁ ላይ ነው። መጀመሪያ አየሩ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ውሃው ይያዝ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ 3/4 ኢንች ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ከ8 እስከ 10 ሜትር። አቅም ካለ መዳብ ይሻላል፤ አይዝግም።
- ቲ፣ ኤልቦ፣ ኒፕልና ዩኒየን (ቧንቧውን ሳያዞሩ የሚፈታ መጋጠሚያ)። ዩኒየን አትርሱ፤ ነገ ስትፈቱት ታመሰግኑታላችሁ።
- ለግፊት የተሠራ አጭር ጎማ ከነማሰሪያው (ከታንክ እስከ ቧንቧ)
- ሁለት የቦል ቫልቭ (አንዱ ለዋናው መስመር፣ አንዱ ለውሃ ማፍሰሻ)
- የውሃ ማጣሪያ፣ ባለ 5 ማይክሮን፣ ብርጭቆው የብረት ሽፋን ያለው
- ለቀለም ሥራ ብቻ፦ የዘይት ማጣሪያ፣ የሲሊካ ጄል ማድረቂያ እና የግፊት መቀነሻ ከነጌጁ
- ቼክ ቫልቭ (አየርን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ሁለት፦ አንዱ ለታንኩ መግቢያ (ያለው ከተበላሸ)፣ አንዱ ለቀለም መስመሩ
- ቴፍሎን፣ የቧንቧ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የሳሙና ውሃና ነጭ ጨርቅ

ዕቃው ሁሉ ላይ የተጻፈውን ግፊት አንብቡ። ኮምፕረሰራችሁ 8 ባር ላይ የሚያጠፋ ከሆነ ከ10 ባር በታች የተጻፈበትን አትግዙ፤ 16 ባር የተጻፈበት ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ማብሪያውን አጥፉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ታንኩን ሙሉ በሙሉ አስተንፍሱ። ጌጁ ዜሮ ቢልም የታችኛውን ማፍሰሻ ክፍት አድርጋችሁ ሥሩ፤ ጌጅ ይጣበቃል፣ ይዋሻል። 2 ባር የቀረበት ታንክ ላይ ኒፕል የፈታ ሰው ኒፕሉን የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ነው፤ ፊቱ ላይ ካልሆነ።

አሠራሩ

1. ታንኩን አጽዱ። የታችኛውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ የሚወጣውን ነጭ ዕቃ ላይ ተቀበሉ። ንጹሕ ውሃ ከሆነ ደህና። ነጣ ብሎ ወተት የመሰለ ከሆነ ዘይት ተቀላቅሎበታል፤ የፓምፑ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ማርጀቱን ሊያመለክት ይችላል። ቡናማ የዝገት ፍርፋሪ ከበዛበት ግን ማጣሪያ ከመግዛት በፊት ታንኩን የሚያውቅ ሰው ይመርምረው። ታንክ የሚበላው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ ቀለሙ እያበራ ሆዱ ሊሳሳና ሊፈነዳ ይችላል።

2. የታንኩን ቼክ ቫልቭ ፈትሹ። ይህ ከፓምፑ የሚመጣው የመዳብ ቱቦ ታንኩ ላይ የሚገባበት የናስ ዕቃ ነው፤ ከጎኑ ወደ አውቶማቲኩ (የግፊት ማብሪያው) የሚሄድ ቀጭን ቱቦ አለው። ሥራው የተጨመቀው አየር ከታንክ ወደ ፓምፕ እንዳይመለስ መከልከል ነው። መፈተሻው ቀላል ነው። ኮምፕረሰሩ ሞልቶ ሲያጠፋ አውቶማቲኩ ለሁለት ሦስት ሴኮንድ «ፍስስ» ይላል፤ ይህ ትክክል ነው፣ የቱቦው አየር እየወጣ ነው። ፍስስታው ካላቋረጠና የታንኩ ጌጅ እየወረደ ከሄደ ቼክ ቫልቩ አይዘጋም። ሞተሩ እየሠራ እያለ የሚተነፍስ ከሆነ ግን ጥፋቱ የአውቶማቲኩ ማስተንፈሻ ነው። ይህንን ሳይለዩ አውቶማቲክ የሚቀይሩ ብዙ ናቸው፤ አዲሱም በማግስቱ ፍስስ ይላል።

3. የማይዘጋውን ፈትታችሁ እዩት። ውስጡ ላስቲክ ወይም ቴፍሎን ክዳንና ትንሽ ስፕሪንግ አለ። ከሙቀቱና ከዘይቱ የተነሳ ጥቁር ጥላሸት ይይዛል፤ ክዳኑ እንዳይቀመጥ የሚያደርገው እሱ ነው። ናሱን በጨርቅ ጥረጉ፣ ክዳኑን በሳሙና ውሃ እጠቡ። ላስቲኩን በቲነር አትንኩት፤ ያብጣል። ክዳኑ ከተቆረጠ ወይም ከደረቀ ቀይሩት። አዲስ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ በአፋችሁ ንፉበት፦ በአንድ በኩል በቀላሉ ማለፍ፣ በሌላው ምንም ማለፍ የለበትም። ለዚህ ቦታ የውሃ መስመር ቼክ ቫልቭ አይሆንም፤ ከፓምፑ የሚመጣውን ትኩሳት አይችልም።

4. ቴፍሎኑን በአግባቡ ጠቅልሉ። የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ተዉት፤ ከዚያ ጫፉን ወደ እናንተ ይዛችሁ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ አራት አምስት ዙር። ጫፉ ላይ ከጠቀለላችሁት ስትጠብቁት ተቆርጦ ወደ ውስጥ ይገባና ቼክ ቫልቩ ክዳን ሥር ይወሸቃል። ቃጫም ለአየር መስመር አትጠቀሙ፤ ጭረቱ እየተበጠሰ በመስመሩ ይሄዳል።

5. ከታንኩ ወደ ቧንቧው በአጭር ጎማ ተሻገሩ። ኮምፕረሰር ይንቀጠቀጣል። ብረት ከብረት በቀጥታ ከታሰረ ከወራት በኋላ ጥርሱ ላይ ይሰነጠቃል።

6. ቧንቧውን በግድግዳው ላይ ዘርጉ። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይውጣ፤ ከዚያ አየሩ በሚሄድበት አቅጣጫ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር እየወረደ ከ8 እስከ 10 ሜትር ይሂድ። አየሩን የሚያቀዘቅዘው ይህ ርዝመት ነው፤ ቁልቁለቱ ደግሞ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ መጨረሻው ይወስደዋል። ቤቱ ጠባብ ከሆነ በግድግዳው ላይ አንድ ጊዜ አዙራችሁ መልሱት፤ ቁልቁለቱ ግን መሃል ላይ እንዳይቋረጥ። መሃሉ የጎበጠ ቧንቧ እዚያው ውሃ ያቁራል። ፀሐይ የሚመታው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥርም አትለፉ፤ ያቀዘቀዛችሁትን መልሶ ያሞቀዋል።

7. መውጫውን ከቧንቧው ጀርባ አንሱ። ለጎማ መሙያም ሆነ ለስፕሬይ ጋን የሚወርደው መስመር ከቲው ወደ ላይ ወጥቶ በኤልቦ ዞሮ ይውረድ። ውሃ የሚሄደው በቧንቧው ወለል ነው፤ መውጫው ከሥር ከሆነ ውሃው በሙሉ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። የቧንቧው መጨረሻ ላይ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁልቁል የወረደ ቧንቧ ከነቦል ቫልቩ ግጠሙ። ውሃው የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ማታ ማታ ከፍታችሁ ታፈሱታላችሁ።

8. ማጣሪያዎቹን በቅደም ተከተል ግጠሙ። ከቀዘቀዘው መስመር መጨረሻ፦ መጀመሪያ የውሃ ማጣሪያ፣ ቀጥሎ የዘይት ማጣሪያ፣ ቀጥሎ ሲሊካ ጄሉ፣ በመጨረሻ የግፊት መቀነሻው። መቀነሻውን ወደ ፊት አታምጡት፤ ውሃ ከአየር በደንብ የሚለየው ግፊቱ ከፍ ባለበት ነው። ሲሊካ ጄሉም ወደ ፊት አይምጣ፤ ሥራው የተረፈውን እንፋሎት መያዝ ነው፣ ጠብታ ከደረሰው በአንድ ቀን ያልቃል፤ ዘይት ከነካው ደግሞ መልሶ አይደርቅም። እያንዳንዱ ማጣሪያ ላይ ያለው ቀስት የአየሩን አካሄድ ይከተል፣ ብርጭቆውም ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይንጠልጠል። ጎማ ብቻ የምትሞሉ ከሆነ የመጀመሪያው ማጣሪያ ይበቃችኋል፤ ሌላው ትርፍ ወጪ ነው።

9. ሁለተኛውን ቼክ ቫልቭ በቀለም መስመሩ መግቢያ፣ ከማጣሪያዎቹ በፊት ግጠሙ። አንድ ኮምፕረሰር ለጎሚስታና ለቀለም የሚያገለግልበት ግቢ በእኛ አካባቢ ብዙ ነው። ጎሚስታው ባዶ የሲኖትራክ ጎማ ላይ ሲከፍት የዋናው መስመር ግፊት በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ያኔ በማጣሪያዎቹ ውስጥ ያለው አየር ወደ ኋላ ይሮጣል፤ ብርጭቆው ውስጥ የተኛውን ውሃ ያናውጠዋል፣ የጄሉን ዱቄት ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ግፊቱ ሲመለስ ሁሉም ወደ ስፕሬይ ጋኑ ይመጣል። ቼክ ቫልቩ ይህንን መመለስ ይቆርጣል። እዚህ አየሩ ስለቀዘቀዘ ተራ የናስ ቼክ ቫልቭ ይሠራል፤ ስፕሪንጉ ግን ለስላሳ ይሁን፣ ጠንካራ ከሆነ ግፊት ይበላባችኋል።

10. ፈትሹ። ሁሉንም መውጫ ዘግታችሁ ሙሉ፣ ኮምፕረሰሩን አጥፉ፣ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ቀቡ። አረፋ ያወጣውን ምልክት አድርጉበትና አየሩን አስወጥታችሁ አጥብቁ፤ ግፊት ላይ እያለ አታጥብቁ። ከዚያ እንደገና ሞልታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ታንኩ ሲቀዘቅዝ ጌጁ ትንሽ ይወርዳል፤ ይህ ያለ ነው። ወርዶ ካልቆመ የሚተነፍስ ቦታ አለ። በመጨረሻ ስፕሬይ ጋኑን ነቅላችሁ የጎማውን ጫፍ ነጭ ጨርቅ ላይ ለሁለት ደቂቃ ንፉት። እርጥብ ነጥብ ውሃ ነው፤ ቢጫ ነጥብ ዘይት ነው። ጨርቁ ንጹሕ ሳይሆን ስቱኮም ሆነ ፕራይመር አትንኩ።

ማስጠንቀቂያ

ነጩን የፒቪሲ ቧንቧ ለአየር አትጠቀሙ። ውሃ ሲሆን ተሰንጥቆ ያንጠባጥባል፤ አየር ሲሆን እንደ ጠርሙስ ይፈነዳና ስባሪው ይበተናል። ርካሽ መሆኑ ብዙ ሰው ያታልላል።

ሴፍቲ ቫልቩን አትድፈኑ፣ አታጥብቁ። «ስለሚተነፍስብኝ በብሎን ዘጋሁት» ያለኝ ሰው አለ፤ እዚያው ስልኩ ላይ ሶኬቱን እንዲነቅል ለመንኩት። በወር አንድ ጊዜ ቀለበቱን ሳብ አድርጋችሁ መከፈቱንና ተመልሶ መዝጋቱን እዩ። በፓምፑና በታንኩ መካከልም ምንም ዓይነት የመዝጊያ ቫልቭ አታስገቡ፤ ተዘግቶ ቢረሳ ግፊቱ መሄጃ የለውም።

የማጣሪያውን ብርጭቆ በቲነር ወይም በቤንዚን አትጠቡ። ፕላስቲኩ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣና አንድ ቀን ግፊት ላይ እያለ ይፈነዳል። ሳሙናና ውሃ ብቻ። የብረት ሽፋኑንም «ውሃው እንዲታየኝ» ብላችሁ አታውልቁት።

ኮምፕረሰር ሲበላሽ የብየዳ ኦክስጅን ሲሊንደር ለጎማ ወይም ለቀለም አትጠቀሙ። ኦክስጅን ዘይት ካገኘ ያለ ክብሪት ይነዳል፤ ቀለምና ቲነር ባለበት ቤት ደግሞ ምን እንደሚከተል ግልጽ ነው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

ማጣሪያን ከታንኩ አፍ ላይ መግጠም ዋናው ነው፤ ስለሱ ብያለሁ። ሁለተኛው የቼክ ቫልቩን ቀስት መገልበጥ ነው። የታንኩ ከተገለበጠ አደጋ ነው፤ አየሩ መግቢያ ስለሚያጣ የፓምፑ ራስና ቱቦው ላይ ግፊት ይከማቻል፣ ጌጁ ግን ዜሮ ይላል። ሞተሩ ከጀመረ በኋላ ጌጁ ካልተነሳ ወዲያው አጥፉ።

መብራት ሲሄድ ማብሪያውን ክፍት መተውም ሞተር ይፈጃል። ኮምፕረሰሩ እየሠራ መብራት ቢጠፋ አውቶማቲኩ አላጠፋምና የቱቦውን አየር አያስተነፍስም። መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ ያንን ግፊት ተሸክሞ ለመነሳት ይታገላል፣ ያጉረመርማል፣ ይሞቃል። መብራት በሄደ ቁጥር ማብሪያውን በእጃችሁ አጥፉት፤ ፍስስ ካለ በኋላ መብራት ሲመጣ ታበሩታላችሁ። ደሴ ላይ የተቃጠለ ሞተር ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው።

ቀለሙ ላይ የሚታየውን ምልክት ማምታታትም አለ። እየቀባችሁ ሳለ ቀለሙ ክብ ክብ ጉድጓድ እያበጀ ከሸሸ ዘይት ወይም ሰም ነው፤ የዘይት ማጣሪያውንና የላሜራውን ንጽሕና እዩ። ከቀናት በኋላ ፊኛ ካወጣ ውሃን ጠርጥሩ።

እንክብካቤ

የታንኩንና የመስመሩን መጨረሻ በየማታው አፍስሱ፤ በሐምሌና በነሐሴ ቀን መሃል ላይም ድገሙት። የማጣሪያው ብርጭቆ ግማሽ ሳይደርስ ይፍሰስ፤ ከዚያ ካለፈ አየሩ ውሃውን መልሶ ያነሳዋል።

ሲሊካ ጄል ሁለት ዓይነት በብዛት ታገኛላችሁ። ሰማያዊው ሲጠግብ ሮዝ ይሆናል፣ ብርቱካናማው ብዙውን ጊዜ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ብርቱካናማውን ግዙ፤ ሰማያዊው ኮባልት የተባለ መርዛማ ነገር አለበት። ሁለቱም ለምግብ በማይውል የኤሌክትሪክ ምድጃ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ለሁለት ሦስት ሰዓት ቢቆዩ ደርቀው እንደገና ያገለግላሉ። የእንጀራ ምጣድ ላይ ግን በፍጹም፤ ሙቀቱ ጄሉን ያበላሸዋል፣ ምጣዱም ከዚያ በኋላ ለምግብ አይሆንም።

ስለ 200 እና 300 ባር

በቅርቡ ሁለት ልጆች «ይሄው ማጣሪያና ቼክ ቫልቭ የአየር ጠመንጃ ሲሊንደር ለመሙላት ይሆናል?» ብለው ጠይቀውኛል። አይሆንም። እዚህ የዘረዘርኩት ዕቃ ለ10 እና ለ16 ባር ነው፤ 200 ባር ላይ ብርጭቆውም ቧንቧውም ቦምብ ነው። ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው፦ አቀዝቅዞ ውሃውን መለየት፣ የቀረውን በማድረቂያ መያዝ፣ በቼክ ቫልቭ መመለሱን መከልከል። ዕቃው ግን ሌላ ነው። ማጣሪያው ወፍራም የብረት ሲሊንደር ሆኖ ውስጡ ሞለኪውላር ሲቭ የተባለ ማድረቂያ ይገባበታል። መውጫው ላይ ደግሞ ማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ እስኪል አየር የማያሳልፍ ቫልቭ ይገጠማል፤ ውሃው በደንብ የሚለየው ያኔ ነው። የመሙያው ጎማ ከሲሊንደሩ ከመነቀሉ በፊት ማስተንፈሻው ይከፈታል። የሲሊንደሩ መግቢያና ላስቲኮች ላይ የሞተር ዘይት ወይም ግሪስ አይነካም፤ በዚያ ግፊት አየሩ በድንገት ሲታመቅ ስለሚግል ዘይቱ እንደ ናፍጣ ሞተር ሊቀጣጠል ይችላል። ለዚያ ሥራ የሚገዛው እያንዳንዱ ዕቃ ላይ የሚሠራበት ግፊት ከ300 ባር በላይ መሆኑ በግልጽ ተጽፎ መታየት አለበት፤ ያልተጻፈበትን አትግጠሙ።